ያልተዘጉ ገጾች

ጥቅምት 6፣ ከማስታወሻዬ

ለወንድሜ የምልከውን ደብዳቤ ሁሉ ከመላኬ በፊት እዚህ እገለብጣለሁ። የእሱም ሲደርሰኝ እዚሁ ይለጠፋል። እሱ ያለበት የማዕድን ካምፕ ስልኩም ኢንተርኔቱም ለሥራ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ በስንቅ መኪና ይሄዳል፣ በስንቅ መኪና ይመጣል። መልሱ ሲደርሰኝ ጥያቄውን ረስቼው እገኛለሁ። ነጋዴ ደግሞ የጠየቀውን ከረሳ የተመለሰለትን ሁሉ ያምናል።

ጥቅምት 6

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምህ ይብዛ። ጤናዬን ጠይቀሃል። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ይለኛል እንጂ ደህና ነኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ባለቤቴም ደህና ነው። አባባም ደህና ናቸው። እንግዲህ ሁላችንም ደህና ከሆንን ወደ ችግሩ ልግባ።

«እኔ ስሄድ ሰርቨሩ ደህና አልነበረም ወይ? ምን ነካክታችሁት ነው?» ላልከው፣ አዎ ነካክተነዋል። የመለዋወጫ ሱቃችን አዲሱ ቅርንጫፍ ከተከፈተ ወዲህ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ስክሪን ቀጥ ይላል። ደንበኛ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ ያየናል፣ እኛም እናየዋለን። ሠራተኞቹ ሰርቨሩን «ጌታው» ብለውታል። «ጌታው ዛሬ ተነሥተዋል?» «ኧረ ገና ቁርስ ላይ ናቸው!» አንድ ሰሞን አስቆናል። አሁን ሳቁ ሄዶ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

አንድ የኮምፒውተር ነጋዴ ጠርቼ አሳየሁት። «ስልሳ ግንኙነት ብቻ ነው የሚያስገባው፤ በሩ ጠቦበት ነው» ብሎ ቁጥሩን ሦስት መቶ አደረገው። ድሮ ይቆም የነበረው ከዚያ ወዲህ መውደቅ ጀመረ። አሁን ከሦስት ሰዓት ተኩል አያልፍም፣ አጥፍቶ ማስነሣት ነው። እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። ሁለቱም ሱቅ ተደምሮ አሥራ አንድ ስክሪን ነው ያለን። አሥራ አንድ ስክሪን ስልሳውን እንዴት ይሞላዋል?

ነገሩ ግን ከመቆምና ከመውደቅ አልፏል። ባለፈው ሳምንት ደንበኛችን የአውቶቡስ ጋራዥ የፊት ፍሬን ሸራ አዞ የሌላ መኪና ሸራ ተጫነለት። መካኒኩ ሊገጥመው ሲል አልገባ ስላለው ነው የታወቀው። የጋራዡ አለቃ ራሱ መጣ፤ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «እመቤት፣ እኔ የምጭነው ድንች አይደለም፣ ሰው ነው» አለኝ። «ሲስተሙ ተንጠልጥሎ ገጽ ከገጽ ተደባልቆብን ነው» አልኩት። ያን ትእዛዝ ያወጡት አባባ ናቸው።

ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይዟል። «አባትሽ ይረፉ። አርባ ዓመት ቆመዋል፣ ይበቃል» ይላል። አባባን ከዚያ ባንኮኒ ማንሣት ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። «ጥፋቱ የማሽኑ ነው» አልኩት። «እንግዲያው ማሽኑን አሠሪ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ልጠብቅ። ማሽኑ ተሠርቶም ስሕተት ካለ ሌላ ሰው ይቁምበት» አለ። ተስማምቻለሁ። የሰው ባል ቢሆን እከራከረው ነበር፤ የራሴ ሲሆን ግን እውነት ሲናገር አውቀዋለሁ።

አርባ ገጽ ሎግ ፕሪንት አድርጌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ማሽኑ በየደቂቃው የጻፈው ሁሉ አለበት። አንብበህ ምን ላድርግ በለኝ።

እህትህ

ጥቅምት 19

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ስለ ዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። የስንቅ መኪናው የፊት ኩሽኔታው አልቆ ሦስት ቀን በረሃ ላይ ቆመ። ከእኛ ሱቅ እንደማይገዙ ወዲያው ገባኝ።

ጽሑፌ የደከመ ከመሰለሽ፣ አልታመምኩም። የምሠራው ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ አርባ ማሽን ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ይነፍሳል። ሲወድቁ ሁሉም ስሜን ያውቀዋል። ሳይወድቁ ሲውሉ ደመወዜ ምን እንደሚሠራ ይጠይቃሉ። እንግዲህ ይኸው ነው።

ወደ ጉዳይሽ። ያ ነጋዴ ሦስት መቶ በር ከፈተልሽ፤ ባንኮኒው ግን ያው አንድ ነው። የገባው ግንኙነት ሁሉ ከሜሞሪው ቁራሽ ቁራሽ ይይዛል። ሜሞሪው ሲያልቅ ማሽኑ ዕቃውን ወደ ዲስክ ማጋዝ ይጀምራል። ይህ ማለት ለእያንዳንዷ ብሎን እጅን ወደ መደርደሪያ በመዘርጋት ፈንታ ከከተማ ውጭ ወዳለው መጋዘን ሄዶ መመለስ ነው። እንዲህ ሲመላለስ ነው የሚወድቀው።

ስለዚህ ሦስት መቶውን አርባ አድርጊው። አዎ፣ ከድሮውም ያነሰ። አርባ አንደኛው በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቅ፤ መጠበቅ ከመውደቅ ይሻላል። ካለሽ አሥራ ስድስት ጊጋ ሜሞሪ የሱቁን መዝገብ የሚይዘው ዳታቤዝ አሥራ አምስቱን ይዞታል። አሥር ይበቃዋል፤ የቀረውን ማንም አይንካው። ሦስተኛው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ገጽ በስንት ደቂቃ ይዘጋ የሚለው ቁጥር ዜሮ ላይ ነው። ዜሮ ማለት መቼም አይዘጋ ማለት ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ አድርጊው።

ሁለት ነገር በአንድ ቀን እንዳትቀይሪ። አንዱን ቀይረሽ ሁለት ሦስት ቀን እዪው፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፊ። አለዚያ የትኛው እንዳዳነሽ፣ የትኛው እንዳጠፋሽ አታውቂም። ከመንካትሽ በፊት የድሮውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ፋይሉንም ቅጂ አስቀሪ። የይለፍ ቃሉን በሌላ ፖስታ ልኬልሻለሁ።

አሥራ አንድ ስክሪን እንዴት ስልሳ ይሞላል ላልሽው፣ እያንዳንዱ ክፍት ገጽ አንድ ግንኙነት ይይዛል፤ ከስክሪን ቁጥር አራት አርባ አንድ ገጽ ሳይዘጋ ክፍት ነው።

ስትጨርሺ ሌላ የሁለት ሳምንት ሎግ ላኪልኝ። አባባን ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 24፣ ከማስታወሻዬ

ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። ስክሪን ቁጥር አራት የማን እንደሆነ ወንድሜ ያውቃል፤ ሽቦውን የዘረጋው እሱ ነው። ስለ ሜሞሪ ይህን ያህል የተረከ ሰው ስለ አባባ ስክሪን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ዝም አለ። ሲያወራ የነበረ ሻጭ በድንገት ዝም ካለ ዕቃውን አገላብጬ አያለሁ።

ኅዳር 6

ውድ ወንድሜ፣

«ፈራሽ ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አልፈራሁም፤ ላብ ግን አጠመቀኝ። መጀመሪያውን ለውጥ እሑድ ቀን፣ ሱቁ ተዘግቶ ሳለ፣ ያቺ ድሮ ባትሪ እናስቀምጥባት የነበረች ክፍል ገብቼ አደረግኩት። ወንበር ስላልነበረ የቺንጋ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። የድሮውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ፋይሉን ቀዳሁ፣ ሦስት መቶውን ሰርዤ አርባ አልኩ፣ አጥፍቼ አስነሣሁ። ጌታው ሲነሡ ያን የታወቀ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እስኪበራ ድረስ ምን ያህል እንደጸለይኩ ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ሜሞሪው ላይ ግን አልታዘዝኩህም። ስድስት ጊጋ ዝም ብሎ ይቀመጥ ማለት አንጀቴ እምቢ አለ። የኔ ሱቅ ባዶ መደርደሪያ አያውቅም። አሥራ አራት አድርጌ ሞከርኩ፤ በሁለተኛው ቀን ወደቀ። ከዚያ አፍሬ አሥር አደረግኩት። እንዲህ ዓይነት ባዶ ቦታ ሥራ እንደሚሠራ በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ።

«አባባ ተቆጡ ወይ?» ብትለኝ እነሆ። አሥራ አምስት ደቂቃዋ በገባች ቀን ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር የቺንጋ ቁጥር ፈልገው፣ መጋዘን ገብተው እዚያው ቆይተው ሲመለሱ ገጹ ተዘግቷል።

«ማነው ያስወጣኝ?» አሉ።

«ማሽኑ ነው አባባ። ሩብ ሰዓት ዝም ካሉት ይዘጋል።»

«በገዛ ቤቴ?»

«ሁላችንንም ነው የሚያስወጣን።»

«አንቺን ያስወጣሽ፣ አንቺ ልጅ ነሽ። ደንበኛ ዕቃውን ይዞ ሳይወጣ ገጹን መዝጋት ፊቱ ላይ በር መዝጋት ነው። ይህ ማሽን አሳዳጊ የበደለው ነው!»

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረው ጥቂት ቆሙና «የምን ቁጥር ነበር ያልከኝ?» አሉት።

አሁን ሰርቨሩ ድኗል። የመጨረሻው ለውጥ ከገባ ወዲህ አንድም ቀን አልወደቀም። በመጀመሪያው ቀን አራት ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ሥራ ትተን የግድግዳውን ሰዓት አየን። አራት ከአምስት ሆነ። አራት ከሩብ ሆነ። ሒሳብ ሠራተኛዋ «እንግዲህ ምን ልናወራ ነው?» አለች።

ስለ ጋራዡ ብትጠይቀኝ፣ ደህና ናቸው። የተሳሳተ ዕቃ አልሄደባቸውም።

የጠየቅከውን ሎግ ልኬልሃለሁ።

እህትህ

ኅዳር 6፣ ከማስታወሻዬ

ስለ ጋራዡ የጻፍኳት መስመር እንደ ቃሏ እውነት ናት፤ በልቧ ግን ውሸት ናት። ረቡዕ ዕለት ለጋራዡ የኋላ ሸራ ታዞ የፊት ተጭኖ ነበር። መኪናው ሊነሣ ሲል ደርሼ አስወረድኩት። ባለቤቴ አላየም፤ ጫኙ አይቷል። ትእዛዙን ያወጡት አባባ ናቸው። ማሽኑ ያን ቀን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልቆመም። ባለፈው ወር ቢሆን «ሲስተሙ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን የምለው የለኝም።

ከሎጉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ጽፌ ላክሁለት፦ «ስለ ስክሪን ቁጥር አራት ያልነገርከኝ ምንድን ነው?»

ኅዳር 13

እትዬ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፣ ይቅር በይኝ። ረጅም ሰላምታ ከጀመርኩ ዛሬም ዋናውን ሳልጽፍ መኪናው ይሄድብኛል።

በእርሳስ የጻፍሽውን አየሁት። እመልሳለሁ።

ኅዳር 2 ቀን፣ ከሦስት ሰዓት ከአሥር እስከ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ከስክሪን ቁጥር አራት የአንድ ኩሽኔታ ገጽ አምስት ጊዜ ተከፍቷል። አልተሸጠም፣ አልተስተካከለም። ይከፈታል፣ ሩብ ሰዓት ሲሞላ ይዘጋል፣ እንደገና ተፈልጎ ይከፈታል። በማግስቱ የሌላ ዕቃ ገጽ፣ ሰባት ጊዜ። የረቡዕንም አይቻለሁ። የኋላ ሸራ ተፈልጓል፣ ተገኝቷል፣ ገጹ ተዘግቷል፤ ከዚያ የፊት ሸራ ተፈልጎ ትእዛዝ ወጥቷል። ከደቂቃዎች በኋላ ከአንቺ ስክሪን ተሰርዟል። ስለ ጋራዡ የነገርሽኝን አልከራከርሽም። ሎግ ሰው አያማም፤ ያየውን ከነሰዓቱ ይጽፋል።

በመጀመሪያው አርባ ገጽ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም ነበር። ለምን መሰለሽ? ገጾቹ አይዘጉማ። ደንበኛው ምን እንዳላቸው ሲጠፋባቸው ወደ ክፍቱ ገጽ ይመለሱ ነበር።

አሁን የምነግርሽን ቀደም ብዬ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ያን ዜሮ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለሁላችሁ «አባባ ማሽኑ አስወጣኝ ብለው ተቆጥተው ነው» አልኳችሁ። ተቆጥተውም ነበር። ግን ምክንያቱ እሱ አልነበረም። ወደዚህ ልመጣ ሳምንት ሲቀረኝ ባንኮኒው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አንድ ገጽ ዘጉና «የቅድሙ ሰውዬ ምን ነበር ያለኝ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቁኝ አፋቸውን ከፈቱና ፊቴን አይተው ተዉት። የዚያኑ ዕለት ቁጥሩን ዜሮ አደረግኩት፣ ምንም ገጽ እንዳይዘጋባቸው። ለአንቺ መንገር ሲገባኝ ለማሽኑ ነገርኩትና ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ሁለት ዓመት ሆነው። በየደብዳቤው «አባባ እንዴት ናቸው?» ስልሽ፣ ደህና ናቸው ስትዪኝ፣ እፎይ እል ነበር። አሁን ደግሞ ያቺን ምርኩዝ በአንቺ እጅ አስነጠቅኳቸው።

ይቅርታ እንድትይኝ አልጽፍም። እንድታውቂው ነው።

ወንድምሽ

ኅዳር 18

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩብህ። በሁለተኛው አብሬህ ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ብቻህን ልትወስደው ፈልገሃል፣ እኔም ድርሻ አለኝ።

ሦስት መቶውን ያስገባው ያ ነጋዴ ነው፤ እውነት ነው። በማግስቱ ማሽኑ ከድሮው እንደባሰበት አየሁ። ወደ ስልሳ መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ የድሮው ቁጥር ኪሴ ውስጥ ነበር። አልመለስኩትም። ማሽኑ በወደቀ ቁጥር የአባባ ስሕተት ከሁላችን ስሕተት ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል፤ ማን ምን እንዳጠፋ አይለይም። እኔ ይህን እያየሁ ነበር ወራት ያሳለፍኩት። ለአንተ የጻፍኩልህ ፍሬን ሸራ ስለመጣበት ነው። መስታወት ቢሆን ኖሮ አልጽፍልህም ነበር።

«እሳቸው ያውቃሉ ወይ?» ብትለኝ፣ ያውቃሉ። ትናንት በምሳ ሰዓት የሱቁ መዝጊያ ግማሽ ወርዶ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ማሽኑ ተሠራ አይደል?» አሉኝ።

«ተሠራ አባባ። ልጅዎ ነው ያሠራኝ።»

«ጎበዝ ነው። አይወድቅም አሁን።»

«ደስ አላለዎትም?»

የሻይ ብርጭቋቸውን አዟዟሩት። «ልጄ፣ ሲወድቅ ነበር ደስ የሚለኝ።»

«ለምን?»

«ያኔ ማንም ምንም አያውቅም። ደንበኛው ሲጠይቅ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቆማል። እኔም ከሁሉም ጋር እቆማለሁ።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ብትጠይቀኝ፣ «ሻዩ ይቀዘቅዝብዎታል» አልኩ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ከባንኮኒው ከተነሡ ቤት ተቀምጠው ምን ያያሉ? ግድግዳ ነው። ካልተነሡ ደግሞ አንድ ቀን የተሳሳተው ሸራ ይገጥምና ይሄዳል፤ እኔ ደርሼ የማላስወርደው ቀን ይመጣል። ሁለቱንም አልችልም። አንተ ምን ታደርግ ነበር? ደግሞስ ትመጣለህ ወይ?

እህትህ

ኅዳር 24

እትዬ፣

በመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት ፈቃድ የለም አሉኝ። የለም ሲሉኝ አልተከራከርኩም። ድሮ ብሆን እጮኽ ነበር። አሁን «እሺ» ብዬ ወደ ኮንቴይነሬ ተመለስኩ፤ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ያፈርኩት። አጋማሹ ላይ ግን እመጣለሁ። ሻንጣዬን አሁን ከአልጋው ሥር አውጥቻታለሁ።

አባባን ከማሽን ጋር ማስተያየት ነውር ነው፤ ነገር ግን የማውቀው ሥራ ይህ ብቻ ነው። እዚህ አንድ የቆየ ሰርቨር አለኝ። አልጣልኩትም። ቢሳሳት የማይጎዳውን ሥራ ሰጥቼው የሚጎዳውን ከሌላ ጋር እንዲያረጋግጥ አድርጌዋለሁ። ፈጣን አይደለም፣ ግን ሦስት ዓመት አልወደቀም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። አሥራ አምስት ደቂቃዋ ለሌሎቹ ትቆይ፤ ለስክሪን ቁጥር አራት ብቻ ዜሮውን መልሺላቸው። ግን በአንድ ጊዜ ከአምስት ገጽ በላይ እንዳይከፍት ገድቢው፤ አምስቱን ዓይናቸው ይይዛቸዋል፣ አርባውን ግን ማንም አይዝም። ከአርባው ግንኙነት አምስቱን ለሳቸው ብቻ ለይተሽ ያዢ፤ ሌላው ሰው ሲበዛ እንዳይገፋቸው። የመጨረሻው ዋናው ነው። የፍሬንና የመሪ ዕቃ ትእዛዝ ከስክሪን ቁጥር አራት ሲወጣ ሁለተኛ ሰው በሌላ ስክሪን አይቶ እሺ ሳይል አይታተም። የሚጻፈውን መስመር በመስመር በሌላው ወረቀት ላይ አስቀምጬልሻለሁ።

ለባለቤትሽ ንገሪው። ለማሽን መንገር ለሰው መንገር እንዳልሆነ ከእኔ ተማሪ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 3

ውድ ወንድሜ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። የሰርቨሩን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው፤ አሁን ሁሉም ቀና ነው። ያልከውን መስመር ሁሉ ጻፍኩ፣ አንዲቷን ግን ቀየርኩ። ለምን እንደቀየርኩ ነው ይህ ደብዳቤ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። «ስንት ጊዜ ነው?» አለኝ። እኔ የማውቀውን ነገርኩት። «ማሽኑ ነው ስትዪኝ ታውቂ ነበር?» አለ። አዎ አልኩት። ሁለት ቀን ብዙም አላናገረኝም። ለጋራዡ አለቃም ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። «ታዲያ ለምን ማሽን አልሽኝ?» ሲለኝ «ማሽን አያፍርም ብዬ ነው» አልኩት። ትእዛዙን ሳይሰርዝ ሸኘኝ። ከአሁን በኋላ ግን እያንዳንዱን ሸራ ከመኪናው ጎን አስደርድሮ ሳይለካ እንደማይቀበል ነግሮኛል። ልክ ነው።

ኅዳር 30 ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴና እኔ ከኋላው ክፍል ተቀምጠን ወረቀትህን ዘርግተን እንነጋገር ነበር። ሁለተኛው ሰው ማን ይሁን ስንባባል አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም።

«ስለ እኔ ከሆነ እኔ እያለሁ አውሩ» አሉና ገብተው ተቀመጡ።

ባለቤቴ ተነሥቶ ወንበሩን ሊለቅላቸው ሲል «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አሉት። እኔ ዕቅድህን አስረዳኋቸው። ገጹ አይዘጋብዎትም፣ ሌላው አይገፋዎትም፣ የፍሬንና የመሪ ዕቃ ሲሆን ሁለተኛ ሰው አይቶ እሺ ይላል አልኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«የቱ ሰው?» አሉ።

«ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ወይም እኔ።»

«አይሆንም። ወንድምሽ ማሽን ያውቃል፣ ሱቅ አያውቅም።»

«ለምን አይሆንም አባባ?»

«እነዚህን ሁሉ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ቁጥር ሲጠፋባቸው እኔን ነው የሚጠይቁት። ሁለተኛው ሰው ቁጥሩን መች ያያል? ፊቴን አይቶ እሺ ይላል። አንቺም እንደዚያው ነሽ።»

ባለቤቴና እኔ ተያየን። ስንት ሳምንት ስንከራከር ይህን አንዳችንም አላሰብነውም።

«ፍሬንና መሪ ከእጄ አውጡ» አሉ። «ከነገ አይደለም፣ አሁን። መብራት፣ መስታወት፣ የወለል ምንጣፍ ልሽጥ። ተሳስቼ ብሰጠው ተመልሶ ይሰድበኛል እንጂ አይሞትብኝም።»

ባለቤቴ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ፣ መልሶ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው። በመጨረሻ «ባንኮኒው የእርስዎ ነው» አላቸው። እሳቸውም «እሱንማ አውቃለሁ» ብለው ተነሥተው ወደ ቦታቸው ሄዱ።

ስለዚህ የሁለተኛውን ሰው መስመር ትቼ በምትኩ የፍሬንና የመሪ ዝርዝር በስክሪን ቁጥር አራት ጨርሶ እንዳይታይ አደረግኩ። አንዲት አጭር መስመር ናት። ሦስት መቶውን ስሰርዝ እጄ እንዲህ አልከበደኝም ነበር።

ማግስቱን የጋራዡ መካኒክ መጣ። እሱ የሆነውን አልሰማም። እንደ ልማዱ ሰልፉን አልፎ በቀጥታ አባባ ጋ ሄደ።

«አባባ፣ ለአሮጌው አውቶቡስ የፊት ሸራ፣ እንደ ሁልጊዜው።»

«እዚያ ጋ ጠይቅ» አሉት።

«ምነው፣ ተጣላን እንዴ? ቁጥሩን እንኳ ይንገሩኝ፣ እርስዎ እንደሆኑ በቃልዎ ነው የሚያውቁት።»

«አውቀዋለሁ» አሉት። «አልነግርህም። እዚያ ጋ ጠይቅ ብዬሃለሁ።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ወደ እኔ መጣ። አባባ ወደ መስታወቶቹ ዞረው አንዱን አንሥተው በእጅጌያቸው ይወለውሉ ጀመር። እኔ ገጹን እየከፈትኩ ከመስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን አያለሁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቁጥሩን ለራሳቸው በሹክሹክታ አንድ በአንድ አሉት።

ያሉትን ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አመሳከርኩት። ልክ ነበር።

እህትህ